ይድረስ ለአባቴ፤ ስለ ጭሱ ክርክራችን

ለተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የድሬ ሙቀት ግን እንደሚያውቁት ነው።

ባለፈው በስልክ ኢኮኖሚ ያለ ጭስ አያድግም ሲሉኝ ቆይተው «ሳይጨስ የበለጸገ አገር አሳየኝ» ብለው ዘግተውብኛልና መልሴን በጽሑፍ ልላክልዎ። ንግግርዎ ግማሽ እውነት አለው፤ ብረት ማቅለጥም ሆነ ውኃ መሳብ ኃይል ስለሚጠይቅ፣ የኃይል ፍጆታው ሳይጨምር ከድህነት የወጣ ሕዝብ የለም። ዮይቺ ካያ የተባሉ ጃፓናዊ ምሁር ግን የካርቦን ልቀትን፣ ማለትም ነዳጅ ሲቃጠል ወደ አየር የሚወጣውን የካርቦን ጋዝ፣ የአራት ነገሮች ብዜት አድርገው ያሰሉታል፤ እነዚህም የሕዝብ ብዛት፣ የነፍስ ወከፍ ገቢ፣ ያንን ገቢ ለማግኘት የሚፈጀው ኃይልና ከኃይሉ የሚወጣው ካርቦን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እያደጉም፣ የኋለኞቹ ከዚያ በፈጠነ መጠን ከወረዱ ልቀቱ ይቀንሳል።

እርስዎ ዕድሜዎን የሰጡት የናፍጣ ባቡር ጥቀርሻ ከቱታዎ ላይ በሳሙና አልለቅ ይል ነበር። ዛሬ ወደ ጂቡቲ የሚወርደው ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሲሆን፣ የአገራችን ኤሌክትሪክም በአብዛኛው ከግድብ ስለሚመጣ፣ ጭነቱ ቢበዛ ጭሱ አብሮ ሊበዛ አይገደድም። (ጣቢያውን ከከተማው አርቀው መሥራታቸው ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።) ብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ ኢኮኖሚዋ እያደገ ልቀቷን በግማሽ ያህል ቀንሳለች፤ አንዳንድ ፋብሪካዎቿ ወደ እስያ መሄዳቸው ቢያግዛትም፣ ትልቁን ሥራ የሠራው የድንጋይ ከሰልን መተዋ ነው።

የሚረቱኝ በሲሚንቶው ነው። የከተማችን የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ምድጃቸውን በምንም ዓይነት ንጹሕ ኃይል ቢያሞቁ፣ ካርቦኑ ከራሱ ከድንጋዩ ይወጣል፤ አንድ ቶን ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 440 ኪሎ ግራም ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል። ቤትና ድልድይ ገና ያልጠገበ አገር ደግሞ ሲሚንቶ ይቅርብኝ ሊል አይችልም። ቢሆንም ከነዳጅና ከፋብሪካ የሚወጣው የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ በዓመት ሩብ ቶን እንኳ አይሞላም፤ የዓለም አማካይ ግን ወደ 5 ቶን የተጠጋ ነው። ስለዚህ ሲሚንቶ ለሚያቦካው ግንበኛ «ቀንስ» ማለት ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የእኛ ቤት ጭስ የእንጨት ከሰሉ ነው። መብራት በገባበት ግቢ ሁሉ ለቡናውም ለወጡም ዛፍ ይቆረጣል፤ መብራቱ ስለሚቆራረጥም እኔ ራሴ ከሰል ከቤት አላጠፋሁም። እህቴ የኤሌክትሪክ ምድጃ ልግዛ ስትልዎ አይከልክሏት፤ የቆጣሪውን ልዩነት እኔ እልካለሁ።

አክባሪ ልጅዎ
ከድሬዳዋ