ከመወልወላችሁ በፊት ገልብጡት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

ከ1900 እስከ 1930ዎቹ የተሠሩ ዕቃዎችን የመፈለግ ትልቁ ደስታ ዕቃውን አገላብጦ ማንበብ ነው። መቼ እንደተሠራ፣ የትኛው ክፍሉ እንደተተካ፣ ማን እንደነካካው ራሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ብዙዎቻችሁ ግን ያገኛችሁትን አጥባችሁና ወልውላችሁ ስለምታመጡልን ጽሑፉ አብሮ ይጠፋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፊቱ በፊት ሆዱን እዩ። ባለመስቀል ብሎን ገበያ ላይ የዋለው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። የ1910 ነው በተባለ ዕቃ ላይ ካገኛችሁት ወይ ተጠግኗል፣ ወይ ዕድሜው ተጋኗል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የጃፓን ፖርሲሊን መቀመጫው ላይ «ኒፖን» (ጃፓን ማለት ነው) የሚል ካለው ከ1891 እስከ 1921 ባለው ጊዜ የተሠራ መሆኑን ይጠቁማል፤ ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ጉምሩክ «ጃፓን» ተብሎ እንዲጻፍ አስገድዷል። ይህ ምልክት በሐሰት ሲታተምም ስለሚታይ ብቻውን አትመኑት።

የሲንጀር ስፌት መኪና ከ1900 ወዲህ መለያ ቁጥሩን ፊደል ይቀድመዋል። ቁጥሩ ላይ ቅባት ከተጋገረ በስፌት መኪና ዘይት የራሰ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። አልኮል አታስጠጉ፤ ወርቃማ ጌጦቹን የሸፈነውን ሼላክ የተባለ ሙጫ ያሟሟና ጌጡን ይዞት ይነሳል።

የድሮው የግራሞፎን ሸክላም የተሠራው ከዚሁ ሼላክና ከደቀቀ ድንጋይ ስለሆነ አልኮል ያበላሸዋል። በጥቂት ውሃ በረጠበ ጨርቅ በመስመሮቹ አቅጣጫ ጥረጉ፤ መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት አይንካው። የብረት መርፌ ለአንድ ገጽ ብቻ ነው፤ የድንጋዩ ዱቄት ጫፉን ሞርዶ ስለሚያሾለው ሁለተኛ ገጽ ላይ መስመሩን ይቆርጣል። ለዘመኑ ሸክላ የተሠራ መርፌም አይሆንም፤ የድሮው መስመር ሦስት እጥፍ ያህል ሰፊ ስለሆነ መርፌው ታች ወርዶ ያንኮሻኩሻል። ግራሞፎኑን ስትገዙ የሚያብረቀርቅ የነሐስ ቀንድና አዲስ የተቀረጸ ሳጥን ካያችሁ ውስጡን አስከፍቱ፤ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ከሻንጣ ግራሞፎን ተፈትቶ የገባ ነው። የጠመዘዛውን ስፕሪንግ ግን ራሳችሁ አትፍቱ። ተጠቅልሎ የተያዘው ብረት ሲፈናጠር ጣት ይጎዳል።

ለፖስት ካርድና ለፎቶ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የሰዓት ሠሪ መነጽር ያዙ። የማተሚያ ሥራ ከሆነ ብዙ ጊዜ በመደዳ የተደረደሩ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ በፎቶ ወረቀት ላይ የታጠበ ፎቶ ነጠብጣብ የለውም። የካርዱ ጀርባ በመስመር ለሁለት ከተከፈለ ለብሪታንያ ከ1902፣ ለአሜሪካ ከ1907 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ጀርባው ለአድራሻ ብቻ ስለነበር ሰዎች መልእክታቸውን በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ያጣብቡት ነበር፤ እንዲህ ያለ ካርድ ማግኘት እጅግ ደስ ይላል።

ጨለማ ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ስታዩት ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ከሆነ ከ1950 ገደማ ወዲህ የተስፋፋው ማንጫ ኬሚካል አለበት። አለመድመቁ ግን ለዕድሜው ማረጋገጫ አይሆንም። የጥልፍ ጨርቅ ደግሞ በዘመኑ የልብስ ሳሙና ከታጠበ ኬሚካሉን ከሳሙናው ስለሚወስድ እውነተኛው አሮጌ ጨርቅ ሐሰተኛ ይመስላል። አትጠቡት የምንለው ለዚህ ጭምር ነው።

በጨለማ እንዲያበራ ቀለም የተቀባ የዚያ ዘመን ሰዓት ካገኛችሁ መስታወቱን አትክፈቱ። ቀለሙ ራዲየም የተባለ ጎጂ ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ያለበት ሊሆን ይችላል። ማብራቱን ያቆመው አብሮት ያለውና ብርሃኑን የሚሰጠው ዚንክ ሰልፋይድ ስለደከመ ነው እንጂ ራዲየሙ በግማሽ ለመቀነስ እንኳ 1600 ዓመት ይፈጅበታል፤ አደጋው ብናኙን መተንፈስ ነው።

ዕቃ ስታመጡልን እንዳገኛችሁት አምጡት። የወለቀ ብሎን፣ የተቀደደ ወረቀት፣ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ደረሰኝ ካለ በፖስታ አድርጋችሁ አብራችሁ ላኩ። አስቀድማችሁ ፎቶ የምትልኩ ከሆነ መብራቱን ከጎን አድርጋችሁ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጣችሁ፣ ታቹንም አንሱት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአሮጌ ዕቃዎች ጥገናና ሽያጭ ክፍል