ዛፍ አታምጡልን፤ የዛፍ መግዣ አምጡልን፦ ለቤተ ክርስቲያናችን መግቢያ መንገድ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተወደዳችሁ ምእመናን፣

ከዋናው ጎዳና እስከ ቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ያለው መንገድ 120 ሜትር ያህል ነው። በስተቀኙ ያለው ሣር ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ አይለየውም። በሐምሌ ይነድዳል፤ በጥር ደግሞ የበረዶ መጥረጊያው መኪና ጨዋማ ጭቃ ይከምርበታል። ሕንፃውን ገዛን፣ ጣሪያውን አደስን፣ መቅደሱን አሟላን፤ ይህ ጠርዝ ግን በተገዛበት ቀን እንደነበረው አለ። የጥምቀት ዕለት ታቦቱ በዝማሬና በእልልታ የሚያልፈው አመድ በመሰለ ሣር ዳር ነው። ሜሪላንድ በጥር ከዚህ የተሻለ ነገር በራሷ አትሰጥም።

ሰበካ ጉባኤው ያጸደቀው ዕቅድ ጠርዙን ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸው በማይረግፍ የጥድ ወገኖች መሸፈን ነው። ጥድ ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታየን የአገራችን አድባራት ጥቁር አረንጓዴ ብቻ ነው። ነገር ግን ወርቃማ፣ ብርማና ሰማያዊ የሆኑም አሉ። የሚጠራጠር ሰው ዋሽንግተን ወደሚገኘው ናሽናል አርቦሬተም ጎራ ይበል፤ መግቢያው ነፃ ነው። እዚያ የጎቴሊ ስብስብ የሚባለውን ክፍል ይጠይቅ። ዊልያም ጎቴሊ የተባለ የኒው ጀርሲ ሰው ለዓመታት የሰበሰባቸውን ድንክ ጥዶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ለሕዝብ የሰጠበት ነው። በጥር ቢሄዱ ይመረጣል፤ ቀለሙ የሚታየው ሌላው ሁሉ ሲራቆት ነውና።

አሁን ወደ እኛው ጠርዝ እንምጣ። ከጎዳናው መጋጠሚያ አጠገብ ከፍ ያለ ነገር አይተከልም፤ የሚወጣ አሽከርካሪ የሚመጣውን መኪና ማየት አለበት። ስለዚህ እዚያ የሚገባው ብሉ ራግ የተባለው ምድር ለምድር የሚሳብ ጥድ ነው፤ ከፍታው ከአንድ ስንዝር አይዘልም፣ ስፋቱ ግን እስከ ሁለት ሜትር ይደርሳል፣ የመንገድ ጨውንም ይችላል። ከእሱ ቀጥሎ ብርማው ግሬይ አውልና ወርቃማው ጎልደን ሞፕ ይፈራረቃሉ። በመካከላቸው ካርስተንስ ዊንተርጎልድ የተባለ ድንክ ጥድ ይገባል። ይህ በበጋ አረንጓዴ ነው፤ ብርዱ ሲበረታ ግን ወርቅ ይሆናል፣ ለጥምቀት የታዘዘ ይመስል።

ቀጥ ብለው የሚቆሙት ዛፎች ቴይለር የሚባሉት ናቸው። እነዚህ የዚሁ የአሜሪካ ምሥራቅ ጥድ ዓይነት ሲሆኑ፣ ከሐበሻው ጥድ ጋር አንድ ወገን ናቸው። አምስትና ስድስት ሜትር ይረዝማሉ፤ ስፋታቸው ግን ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ድባብና ጥላ የያዙ ካህናትና ዲያቆናት ጎን ለጎን በሚያልፉበት መንገድ ላይ ቅርንጫፉን የሚዘረጋ ዛፍ ጥላውን ይነጥቃል። ላይኛው ጫፍ፣ ሜዳው ሰፊ በሆነበት፣ አንድ ሰማያዊ የአትላስ ዝግባ ብቻውን ይቆማል። የአርዘ ሊባኖስ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሲጎለምስ ቦታ ስለሚፈልግ ከመንገዱ አርቀን እንተክለዋለን። ደመራ የሚለኮስበት ስፍራም ወደ ኋላ ሜዳ ይዛወራል። ጥድ ሙጫ አለው፤ ከችቦ ጋር ማጎራበት አይሆንም።

አሁን ወደ ርእሱ። ብዙዎቻችሁ በቅንነት ችግኝ ገዝታችሁ ልታመጡ አስባችኋል። እባካችሁ አታምጡ። ቅናሽ ላይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሌይላንድ የተባለው የጥድ ወገን ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ መንገዱን ይዘጋል፣ ከዚያም በግንድ በሽታ ከመሃል እየደረቀ ይሄዳል። ለገና የምናውቀው ሰማያዊ ስፕሩስም የኮሎራዶ ተራራ ልጅ ነው፤ የእኛን እርጥበትና ሙቀት ስለማይወድ ፈንገስ ከሥር ወደ ላይ ያራግፈዋል። አንድ ምክር ለጓሯችሁም ይጠቅማችኋል፦ ችግኙ ላይ የተጻፈው ቁመት ብዙውን ጊዜ የ10 ዓመቱ ነው፤ ዛፉ ግን በ10 ዓመቱ ማደጉን አያቆምም።

የሚያስፈልገው በድምሩ 11,000 ዶላር ነው። ከዚህ 8,700 ለችግኝ፣ 800 ለአነስተኛ መቆፈሪያ ማሽን ኪራይ፣ ቀሪው 1,500 ደግሞ ለኮምፖስት፣ ለተፈጨ የዛፍ ቅርፊትና ለጠብታ መስኖ ይውላል። መስኖው እንደ ቅንጦት አይታይ። አዲስ የተተከለ ጥድ የሚሞተው በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ነው፤ መድረቁም የሚታወቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ጉልበት አንከፍልም፣ ጉልበቱ እናንተ ናችሁ።

ተከላው በጥቅምት መግቢያ፣ የኮሎምበስ በዓል በሚውልበት ሰኞ ነው። አፈሩ ገና ሞቃት ስለሆነ ሥሩ ከብርዱ በፊት ይይዛል። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ናቸው፣ ቁፋሮ አይታሰብም። ሰኞ ለሚሠሩም የማታ ፈረቃ አለ። ከመቆፈራችን በፊት የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሮች ምልክት እንዲደረግባቸው ወደ 811 የመደወሉን ኃላፊነት ኮሚቴው ወስዷል። አፈራችን ሸክላ ስለሆነ ጉድጓዱ ይስፋ እንጂ አይጥለቅ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ውሃ አቁሮ ሥሩን ያበሰብሳል። ፒክአፕ፣ አካፋና ዶማ ያላችሁ አስመዝግቡን። እናቶች ምሳውን አስበውበታል።

የአንድ ትንሽ ችግኝ ዋጋ ከ45 ዶላር ይጀምራል፤ ለአንድ ቴይለር እስከ 350 ዶላር ይደርሳል። ከሙት ዓመት ድግስ ወጪ ላይ ቀንሳችሁ ለወላጆቻችሁ መታሰቢያ መስጠት የምትፈልጉ ካላችሁ በደስታ እንቀበላለን። ዛፍ ላይ የስም ሰሌዳ ግን አይለጠፍም፤ ስሙ በመዝገብ ይጻፋል፣ በጸሎትም ይታሰባል። ይህን ውሳኔ ያልወደዱ አሉ፤ እኛ ግን ስም የተለጠፈበት ዛፍ ሲደርቅ ማን ለባለቤቱ እንደሚነግር ስለማናውቅ ደግፈነዋል።

ገንዘቡን ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ መግቢያ ላይ ባለው ጠረጴዛ በጥሬው ወይም በቼክ መስጠት ይቻላል፤ በቤተ ክርስቲያኑ የባንክ ሒሳብ የምታስገቡ «ለዛፍ» ብላችሁ ጻፉበት። ለእያንዳንዱ ስጦታ ደረሰኝ አለ። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ለግብር የሚሆነውን የጽሑፍ ማረጋገጫ ሳይቀበል አይሂድ። ለችግኝ አቅራቢው ትእዛዝ መስጠት ስላለብን ገንዘቡ እስከ ነሐሴ 30 ቢሰበሰብ እንመርጣለን። ባይሞላ ከታችኛው ጫፍ ጀምረን የደረሰውን ያህል እንተክላለን፤ የሚቀነሰው የዛፉ ቁጥር ነው፣ የውሃው ገንዘብ አይነካም።

የግቢ ማስዋብ ኮሚቴ