የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሥራውን ጨርሶ የሚጠፋ የቁስል መሸፈኛ

የሳይንስ ክበባችን በዚህ የትምህርት ዓመት አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ቆይቷል። በስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ የወጣ ቁስል ለምን ቶሎ አይድንም? ከጊዜ በኋላ ራሳቸው ፈርሰው የሚጠፉ ቁሶችስ እንዲድን እንዴት ሊረዱት ይችላሉ? በየወሩ ርዕስ እንድንቀያይር የጠየቁ አባላት ነበሩ። እኔ ግን አንድ ነገር ላይ እንድንቆይ አጥብቄ ተከራከርሁ፤ ምክንያቱም ይህ ጥያቄ ኬሚስትሪውንም ባዮሎጂውንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያገናኛል፣ ከዚያም በላይ ሰዎች እግራቸውን የሚያጡበት ጉዳይ ነው።

ሥራውን የጀመርነው በቁሶቹ ሳይሆን በእግሩ ነው። አንዲት የቁስል እንክብካቤ ነርስ ወደ ክበባችን መጥተው ከሽቦ የቀጠነ የናይለን ክር አሳዩን። የክሩ ጫፍ ቆዳ ላይ ሲጫን በ10 ግራም ኃይል ይጎብጣል። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጫማውን አውልቆ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ፤ ክሩ የነካውን ቦታ ሁሉ ያለ ስሕተት ተናገረ። ሲስተር ቀጥለው የስኳር ሕመም ነርቩን የጎዳበት ሰው ይህን ያህል ጫና እንደማይሰማው ነገሩን። ጫማው ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስትፍቀው ቢውል አያውቅም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ የሚጠይቁት ጥያቄ ሁሉ ተለወጠ።

ሰውነት ቁስልን የሚያድነው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ደሙን ያረጋል፤ ከዚያ በብግነት (ቁስሉ ሲቀላና ሲያብጥ በሚታየው የመከላከል ሥራ) አማካይነት ባክቴሪያንና የሞተ ሥጋን ያጸዳል፤ ቀጥሎ አዲስ ሥጋ ይሠራል፤ በመጨረሻም ጠባሳውን ያጠነክራል። በስኳር ሕመምተኛ ላይ ሂደቱ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተገትሮ ይቀራል። የደም ሥሮች ስለሚጠብቡ በቂ ኦክስጅን አይደርስም፤ የመከላከያ ህዋሳትም ማጽዳቱን ጨርሰው ወደ ጥገና መዞር ያቅታቸዋል። በዚህ መሐል ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ከመጠን በላይ ይከማቻሉ፤ ሰውነት የዘረጋውን አዲስ ኮላጅን፣ ማለትም ለቆዳ ጥንካሬ የሚሰጠውን ፕሮቲን፣ መልሰው ይቆራርጡታል።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ በቃል ማስረዳት ከባድ ስለሆነ በዓይን እንዲታይ አደረግነው። ጄላቲን ከኮላጅን የሚገኝ ፕሮቲን ነው። በሁለት ብልቃጦች ውስጥ የረጋ ጄላቲን አዘጋጅተን በአንዱ ላይ ትኩስ የተጨመቀ የፓፓያ ጭማቂ፣ በሌላው ላይ ደግሞ አፍልተን ያቀዘቀዝነውን ያንኑ ጭማቂ አፈሰስን። በማግሥቱ የመጀመሪያው ጄላቲን ቀልጦ እንደ ውኃ ይፈስ ነበር፤ ሁለተኛው እንደ ረጋ ቆይቷል። ፓፓያ ውስጥ ያለው ፓፔን የተባለው ኢንዛይም ፕሮቲን ይቆርጣል፤ ሲፈላ ግን ቅርጹ ተበላሽቶ ሥራ ያቆማል። ከዚህ ተነሥተን ከኮላጅን የሚሠራ የቁስል መሸፈኛ የታሰበበትን ዘዴ ተወያየን። መሸፈኛው ራሱን ለኢንዛይሞቹ አሳልፎ ይሰጣል፤ እነርሱ እርሱን ሲቆርጡ የበሽተኛው አዲስ ሥጋ ፋታ ያገኛል ተብሎ ይታሰባል። አንዲት ተማሪ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ «መጥፋቱ ራሱ ሥራው ነው» ብላ ጽፋለች። ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ የእርሷ ዐረፍተ ነገር ነገሩን ግልጽ አድርጎታል።

ደረቅ ጎዝ (ስስ የቁስል ጨርቅ) ሲነሣ የሚያደርሰውን ጉዳትም አይተናል። ለብ ያለ ጄላቲን ላይ ጎዝ አንጥፈን እስኪደርቅ ከቆየን በኋላ ስንልጠው የጄላቲኑን የላይኛ ሽፋን ይዞ ተነሣ። ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1962 በአሳማዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ርጥበቱ ተጠብቆ የተሸፈነ ቁስል አየር ላይ ከደረቀው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ አዲስ ቆዳ እንደሚያለብስ አሳይቷል። ርጥበት የሚይዙ ጄሎች የሚፈለጉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዓመቱ ሥራ ሁሉ ተማሪዎቹ የወደዱት አልጂኔትን ነበር። አልጂኔት ከቡናማ የባሕር አረም የሚወጣ ነው። በውኃ የሟሟ ሶዲየም አልጂኔት በመርፌ አልባ ስሪንጅ በውኃ ወደ ሟሟ ካልሲየም ክሎራይድ ሲንጠባጠብ እያንዳንዱ ጠብታ ወዲያው ይረጋል፤ በጣት ሲጫኑት የሚለጠጥ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ክብ ኳስ ይሆናል። ካልሲየም ረጃጅሞቹን የአልጂኔት ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው ያስተሳስራቸዋል። ኳሶቹን በሦስት ዕቃ ከፋፍለን አስቀመጥናቸው። በተጣራ ውኃ ውስጥ ያሉት እንዳሉ ቆዩ፤ በጨው ውኃ ውስጥ ያሉት አብጠው ለሰለሱ፤ ካልሲየሙን በሚነጥቀው በሶዲየም ሲትሬት ውስጥ ያሉት ጠፉ። ከቁስል የሚወጣው ፈሳሽም ሶዲየም ስላለው የአልጂኔት መሸፈኛ ቁስል ላይ ሲያርፍ ካልሲየሙን በከፊል በሶዲየም ለውጦ ወደ ጄል ይቀየራል፤ ሲነሣም አይጣበቅም።

ይሁንና አንድ አባል ኳሱ ሟሟ እንጂ ፈረሰ ማለት እንደማይቻል ተከራከረ፤ ልክ ነበር። የሰው አካል የአልጂኔትን ሰንሰለት የሚቆርጥ ኢንዛይም የለውም። ኮላጅንን ግን የራሳችን ኢንዛይሞች ይቆርጡታል። ፖሊላክቲክ አሲድ የተባለው ፈራሽ ፕላስቲክ ደግሞ በውኃ ቀስ በቀስ ተቆራርጦ ጡንቻዎቻችንም የሚያመነጩት ላክቲክ አሲድ ይሆናል፤ መጨረሻውም ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ነው። ግላይኮሊክ አሲድ ከተባለ ሌላ አሲድ ጋር እኩል በእኩል ሲዋሐድ በሳምንታት ውስጥ ይፈርሳል፤ ብቻውን ከሆነ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ይህ ጊዜ ነው። ቁሱ ለአዲሶቹ ህዋሳት እንደ ግንባታ መወጣጫ ነው፤ ግድግዳው ሳይቆም ከፈረሰ ጥቅም የለውም፣ ከቆመ በኋላ ካልተነሣ ደግሞ እንቅፋት ነው። ተመራማሪዎቹ ዮአኒስ ያናስና ጆን በርክ ከላም ጅማት ኮላጅንና ከሻርክ ልምአጥንት በተገኘ ንጥረ ነገር የሠሩት ሰው ሠራሽ ቆዳ በመጀመሪያ ለቃጠሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በአሜሪካ ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ተፈቅዷል።

በዓመቱ አጋማሽ አንድ ተማሪ ያዘጋጀነውን የአልጂኔት ሽፋን በቤት ለሚታመም ዘመዱ መውሰድ ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። አይቻልም አልሁት፤ ምክንያቱንም በሁሉም ፊት አስረዳሁ። በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የተሠራ ነገር ከጀርም የጸዳ አይደለም፤ ክፍት ቁስል ላይ ማድረግ ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው። በዚያው ሳምንት ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመምተኞች እግር የሥራ ቡድን በ2023 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን ምክር አነበብን። የኮላጅንና የአልጂኔት መሸፈኛዎችን ቁስሉን ያድናሉ በሚል ዓላማ መጠቀምን አይመክርም፤ ማስረጃው ገና አልበቃም። አባላቱ ቅር አላቸው። እኔ ግን በዚያ ቀን ኮራሁባቸው፤ የደከሙበትን ነገር የሚቃወም ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብበው ተከራክረውበታልና። ከመሸፈኛው በፊት የሚመጡት ጉዳዮችም በግልጽ ተለዩ፦ ከቁስሉ ላይ የሰውነትን ክብደት ማንሣት፣ የደም ዝውውርን ማስመርመር፣ ኢንፌክሽንን ማከም፣ የሞተውን ሥጋ በባለሙያ ማስጠረግ፣ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር መቆጣጠር።

ስለዚህ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት በከፊል ለፖስተር ሥራ ዋለ። በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ የተሰቀለው ሥዕል የእነርሱ ነው። እግርን በየቀኑ ከነውስጥ እግሩና ከነጣቶቹ መሐል ማየት፣ ጫማ ከማድረግ በፊት ውስጡን በእጅ መዳሰስ፣ በባዶ እግር አለመሄድ፣ ትንሽ ቁስል ቢታይ እንኳ ሳያድሩ ጤና ተቋም መሄድ የሚሉትን በትልልቅ ፊደል ጽፈዋል። የክበቡ ሌሎች ተግባራት፣ ማለትም የጥያቄና መልስ ውድድሩና የቤተ ሙከራ ጽዳቱ፣ እንደ ወትሮው ተከናውነዋል።

ለሚቀጥለው ዓመት የያዝነው ጥያቄ ጄላቲንን ከአልጂኔት ጋር በተለያየ መጠን ብንቀላቅል የፓፓያው ጭማቂ የሚያፈርስበት ፍጥነት ይለወጥ እንደሆነ ነው። መመዘኛው በየዕለቱ የሚቀረው ክብደት ይሆናል። ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ያላችሁ ሁሉ በትምህርት መጀመሪያው ሳምንት በቤተ ሙከራው መመዝገብ ትችላላችሁ፤ ሚዛን በትዕግሥት የሚያነብ ሰው በተለይ ያስፈልገናል።