ትሪፕቶፋን ምርቃት አይደለም

ታኅሣሥ 9
ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፡- የላካችሁልኝን የአሚኖ አሲድ አይሶቶፕ ውጤት ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ። ነገሩን ከመጀመሪያው አልዘረዝርም፤ ፋይሉ እናንተ ዘንድ አለ። ላብራቶሪያችሁ እንዲለካልኝ የሰጠሁት 48 ናሙና ነው፣ ግማሹ ጤፍ፣ ግማሹ ሽምብራ። ይህን የምጽፈው ባለፈው ማክሰኞ በስልክ ስለተባልኩት ነገር ነው።

የደወልኩት ስለ አንድ ቁጥር ልጠይቅ ነበር። ሪፖርታችሁ ሁለተኛ ገጽ ላይ፣ ከአሚኖ አሲዶቹ መሃል «ትሪፕቶፋን» የሚል መስመር አለ። ከጎኑ የናይትሮጅን 15፣ ማለትም የከባዱ የናይትሮጅን አይሶቶፕ፣ ዋጋው ተቀምጧል። ስልኩን ያነሳችውን ልጅ በትህትና «ይህ ከየት መጣ?» አልኳት። ትንሽ አስጠበቀችኝና ለአንድ ሰው አቀበለችኝ። «ቴክኒክ ክፍል ነኝ» አለ። ስሙን አልነገረኝም።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለኝ። ችግሩን ነገርኩት። የራሳችሁ ሪፖርት የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ናሙናው በ6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ110 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ20 ሰዓት ቆየ ይላል። ፕሮቲንን ወደ አሚኖ አሲድ ለመበተን የተለመደው መንገድ ይኸው ነው፤ አልተቃወምኩም። በዚህ መንገድ ግን ትሪፕቶፋን ይወድማል። ሥራው በአሲድ ፈንታ በአልካላይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። እኔም እንደዚያ አላዘዝኩም፣ እናንተም እንደዚያ ሠራን አትሉም። ታዲያ የሌለ ነገር እንዴት ተለካ?

«እህቴ፣ ተጨመረልሽ እንጂ አልተቀነሰብሽ። እንደ ምርቃት ቁጠሪው» አለኝ።

ምርቃት! ሽንኩርት ልገዛ የሄድኩ አስመሰለው እኮ። ጥሪው ሲጀመር «እርስዎ» ነበርኩ፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ «አንቺ» ሆኜ አረፍኩት። እሱንም ልለፈው ብዬ «ግሉታሚንስ?» አልኩት። እዚያው ሰንጠረዥ ላይ ግሉታሚንና ግሉታሚክ አሲድ ለየብቻ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ያ አሲድ ግን ግሉታሚንን ወደ ግሉታሚክ አሲድ፣ አስፓራጂንንም ወደ አስፓርቲክ አሲድ ይቀይራቸዋል። ከዚያ በኋላ ማን የማን እንደነበረ መለየት አይቻልም። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ናይትሮጅን ያው ናይትሮጅን ነው፣ አታካብጂ።» ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ብደውል የሚያነሳ ጠፋ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ናይትሮጅን ያው ናይትሮጅን ቢሆንማ ይህን ሁሉ ብር ለምን እከፍላለሁ? ቅጠሉን እንዳለ አቃጥሎ አንድ ቁጥር መስጠት እጅግ ይረክሳል። እኔ የከፈልኩት አሚኖ አሲዶቹ በጋዝ ክሮማቶግራፍ ተለያይተው፣ እያንዳንዱ በተራው ተቃጥሎ እንዲለካ ነው። ምክንያት አለኝ። ተክል ፌኒልአላኒን ከሚባለው አሚኖ አሲዱ ላይ፣ ግንዱን ለሚያጠነክረው ሊግኒን መሥሪያ ይወስዳል፤ ያኔ ቀላሉ ናይትሮጅን ቀድሞ ስለሚወጣ የሚቀረው ፌኒልአላኒን ከግሉታሚክ አሲዱ ይልቅ በናይትሮጅን 15 የከበደ ይሆናል። የምፈልገው ይህን ልዩነት ነው። የእናንተ ሰንጠረዥ ላይ ደግሞ የፌኒልአላኒን ቦታ ባዶ ነው። ሊኖር የማይችለው ተሞልቶ፣ መኖር ያለበት ተዘለለ።

ካነሳሁት አይቀር፣ የመጀመሪያውን ሪፖርትም ላንሳው። «ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ለየብቻ» ብላችሁ ፈርማችሁ ለአንድ ናሙና አንድ ቁጥር ነበር የላካችሁልኝ። እሱም ላይ የጤፉ ካርቦን 13 (የከባዱ ካርቦን ልኬት) ከዜሮ በታች 27 በሺህ አካባቢ፣ የሽምብራው ከዜሮ በታች 13 አካባቢ ሆኖ መጣ። ካርቦን ከአየር የሚይዙበት መንገድ ይለያያል፤ ጤፍ ሲ 4 የሚባለው ዓይነት ተክል ነው፤ ከዜሮ በታች 13 የሚጠበቀው ከእሱ ነው። ሽምብራ ሲ 3 ነው፤ 27ቱ የእሱ ነው። መለያው እንደተገለባበጠ ለማወቅ ላብራቶሪ መግባት አያስፈልግም። ስነግራችሁ «አስተካክለናል» ብላችሁ የዓምዱን ስም ብቻ ቀይራችሁ መለሳችሁልኝ። ቱቦዎቹን ከፍቶ ያየ ሰው አለ?

ኖርሉሲን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ለማመሳከሪያ ጨምሩበት ብዬም በጽሑፍ ጠይቄ ነበር። ተክሉ ፕሮቲን ውስጥ ስለሌለ፣ ልኬቱ ከሳተ የሚያሳብቀው እሱ ነው። የለም። ሦስት ሦስት ጊዜ ይለካል ተባለ፤ ያለው አንድ አንድ ቁጥር ነው። አሚኖ አሲዱ ተን መሆን እንዲችል ከሚጨመርበት ኬሚካል የሚገባው ካርቦን ተሰልቶ መቀነስ አለበት፤ ስሌቱን ስጠይቅ «የላብራቶሪው ሚስጥር ነው» ተባልኩ። 8 ሳምንት ያላችሁት 5 ወር ሆነ። ናሙናዬን ሐምሌ ላይ፣ በዚያ ዝናብ፣ ኮሪደራችሁ ውስጥ በካርቶን ተቀምጦ አይቼዋለሁ። ያኔ ዝም አልኩ። ጥፋቴ እሱ ነው።

ስጀምር ማብራሪያ ብቻ ልጠይቅ ነበር። እየጻፍኩ ሳለሁ ሐሳቤን ቀየርኩ። የመሣሪያው ጥሬ ውጤት፣ ክሮማቶግራሞቹ (የመሣሪያው ግራፎች) ሳይቀሩ፣ ይላክልኝ። 48ቱም ናሙናዎች በእናንተ ወጪ፣ ከነኖርሉሲናቸው፣ ሦስት ሦስት ጊዜ እንደገና ይለኩ። ይህ ካልሆነ ገንዘቤ ሙሉ በሙሉ ይመለስ፤ የተረፈው የናሙና ዱቄትም አብሮ። ዱቄቱን በተለይ አደራ፤ ማሳው ታርሷል፣ ሌላ አላገኝም። እስከ መጪው አርብ መልስ ካልሰጣችሁኝ ጉዳዩን በዩኒቨርሲቲው የግዥ ክፍል በኩል እገፋበታለሁ። ወደ እናንተ ናሙና ሊልኩ ያሰቡ ባልደረቦች አሉኝ፤ ሪፖርቱን አሳይቻቸዋለሁ።

ማክሰኞ ያነጋገረኝ ሰውም ስሙን ይንገረኝ። ይቅርታው ቢቀር ግድ የለም፤ ስሙን ብቻ።

ከሰላምታ ጋር
የናሙናዎቹ ባለቤት

ግልባጭ፡- ለአማካሪዬ

ሳልረሳው፡- የከፈልኩበት ደረሰኝም እስካሁን አልደረሰኝም።