ፊቴ ላይ ስለተወጋው ምርት የቀረበ ቅሬታ

ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የተወጋሁት ምርት ስምና የባች ቁጥር (አብሮ የተመረተውን ስብስብ የሚለይ ቁጥር) እንዲሰጠኝ እንዲሁም ለደረሰብኝ ጉዳት መፍትሔ እንዲፈለግልኝ ስለመጠየቅ

ከሰባት ሳምንት በፊት በክሊኒካችሁ የሃያሉሮኒክ አሲድ (በሰውነት ውስጥም የሚገኝ፣ ውሃ የሚይዝ ንጥረ ነገር) መርፌ ፊቴ ላይ ተወግቻለሁ። ወደ እናንተ የመጣሁት መልኬን ለመለወጥ ሳይሆን የጉንጬ ቆዳ እየደረቀ ስላስቸገረኝ ነበር፤ በምክክሩ ዕለትም የሚሰጠኝ ቆዳን የሚያረጥብ ቀለል ያለ መርፌ እንጂ ጎድጓዳ ቦታ የሚሞላ ፊለር እንዳልሆነ፣ በጉንጭ ላይ ብቻ በሦስት ዙር እንደሚሰጥ ተነግሮኝ ተስማማሁ። በፈረምኩት ፎርም ላይ የምርቱ ስም የሚሞላበት መስመር ባዶ ነበር። ባዶነቱን እያየሁ መፈረሜ የእኔ ጥፋት መሆኑን አልክድም፤ ፎርሙን አዘጋጅቶ ያስፈረመኝ ግን ክሊኒኩ ነው።

በቀጠሮዬ ቀን ባለሙያዋ ጉንጬን ከጨረሱ በኋላ «ትንሽ ተርፏል፤ እንዳይባክን ከዓይንዎ ሥር ላድርግልዎት» አሉኝ። ፊቴ በማደንዘዣ ቅባት ደንዝዞ፣ በጀርባዬ በተጋደምኩበት ሁኔታ አንድም ቃል ሳልናገር ቀረሁ፤ ዝምታዬም እንደ ፈቃድ ተቆጠረ። ይሁን እንጂ እስከዚያ ሲጠቀሙበት የነበረውን ሲሪንጅ አስቀምጠው ከሳህኑ ላይ ሌላ ሲሪንጅ ሲያነሡ አይቻለሁ። የተረፈው የእኔው ከሆነ ሌላ ሲሪንጅ ለምን አስፈለገ? የታሸገ ማሸጊያ በፊቴ ሲከፈት አላየሁም። አንድ ሲሪንጅ ለአንድ ሰው ብቻ የሚውል በመሆኑ፣ ይህ ጥያቄ ከውበት ጉዳይ አልፎ የጤናዬ ጉዳይ ሆኖብኛል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለታየው እብጠትና መበለዝ ቅሬታ የለኝም፤ አስቀድሞ ተነግሮኝ ነበር፣ ጉንጬ ላይ ያለውም በሳምንቱ ጠፍቷል። ቅሬታዬ ከግራ ዓይኔ ሥር ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ስለወጣውና እስከ ዛሬ ስላልለቀቀኝ ሰማያዊ ግራጫ ጥላ፣ እንዲሁም ጠዋት ጠዋት ስለሚያብጠው ከረጢት መሰል ነገር ነው። በሁለተኛው ሳምንት ስደውል ውሃ በብዛት እንድጠጣ፣ በአራተኛው ሳምንት ቦታውን እንዳሸው ተመከርኩ። በስድስተኛው ሳምንት በአካል ስቀርብ ደግሞ «ሃያሉሮኒክ አሲድ በሰውነታችን ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ጉዳት የለውም፣ በራሱ ጊዜ ይሟሟል» የሚል መልስ ተሰጥቶኝ ተሸኘሁ።

ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው። ንጥረ ነገሩ በቆዳችን፣ በመገጣጠሚያችንና በዓይናችን ውስጥ መኖሩ አያከራክርም፤ ነገር ግን ሰውነት ተፈጥሯዊውን ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለማቋረጥ እያፈረሰ በአዲስ የሚተካ በመሆኑ፣ ለፊለር የሚውለው ጄል ቶሎ እንዳይፈርስ በኬሚካል እርስ በርሱ ተቆላልፎ የሚሠራ ነው። የተቆላለፈው ጄል ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ስለዚህ «ይሟሟል» የሚለው መልስ ትርጉም የሚኖረው የትኛው ዓይነት እንደተወጋሁ ሲታወቅ ነው፤ የተነፈግሁትም ይህንኑ ነው። ከዓይን ሥር ያለው ቆዳ እጅግ ስስ ስለሆነ ቦታው የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የመጀመሪያውን የዚህ ዓይነት ጄል ለፊት መጨማደድ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ ከዓይን ሥር ላለው ጉድጓድ ግን ፈቃድ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። «እንዳይባክን» ተብሎ የሚወጋበት ቦታ አይደለም።

በሌላ የጤና ተቋም ያማከርኳቸው የቆዳ ሐኪም ቀለሙ የደም መቋጠር ሳይሆን ጄሉ ለቆዳው ገጽ በጣም ቀርቦ በመቀመጡ ብርሃን የሚበተንበት ሁኔታ መሆኑን አስረድተውኛል። ሃያሉሮኒዴዝ በተባለ ኢንዛይም ሊሟሟ እንደሚችልም ነግረውኛል። በንብ መርዝ ውስጥም ተመሳሳይ ኢንዛይም ስላለ፣ ለንብ ንድፊያ አለርጂ እንዳለብኝ እስከ መጠየቅ ድረስ ተጠንቅቀው ካበቁ በኋላ፣ መጠኑን ለመወሰን የምርቱን ስም እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። ከአምራቹ ሲሪንጅ ጋር የሚመጣው ተለጣፊ የባች ቁጥር በበሽተኛው ካርድ ላይ መለጠፍ እንዳለበትም የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ካርዴ ይታይልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለቱንም ጊዜ «ኃላፊው የሉም» ተብያለሁ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሃያሉሮኒዴዝ በክሊኒኩ ይገኝ እንደሆነ ስጠይቅ «አናስቀምጥም» መባሌ ነው። ጄል የደም ሥር ቢዘጋ፣ ቆዳው ነጥቶ ወይም ተዥጎርጉሮ ኃይለኛ ሕመም ቢከተል፣ ከዚያም ብሶ የዓይን ብርሃን ቢደበዝዝ፣ በሰዓታት ውስጥ መታከም ያለበት ድንገተኛ አደጋ ነው። እነዚህን ምልክቶች ወደ ቤት ስመለስ በሰጣችሁኝ ወረቀት ላይ አላገኘኋቸውም፤ ወረቀቱ ስለ ሜካፕና ስለ ፀሐይ ብቻ ይናገራል። እኔ ላይ ይህ አልደረሰም፤ ቢደርስ ኖሮ ግን ምን ልታደርጉልኝ ኖሯል?

ስለሆነም በሁለቱም ሲሪንጆች የነበሩት ምርቶች ስም፣ የባች ቁጥር፣ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜና በየቦታው የተወጋው መጠን በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፣ ሁለተኛው ሲሪንጅ ለእኔ ብቻ ስለመከፈቱ ማረጋገጫ እንዲሰጠኝ፣ የካርዴም ሙሉ ቅጂ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። ጄሉን የማሟሟቱን ሕክምና በመረጥኳቸው ሐኪም ዘንድ እንዳደርግና ወጪውን ክሊኒኩ እንዲሸፍን፣ ላልወሰድኳቸው ሁለት ዙሮች የከፈልኩትም እንዲመለስልኝ አመለክታለሁ። ሐኪሙ ሕክምናውን መጀመር የሚችሉት መረጃው ሲደርሳቸው በመሆኑ፣ የምርቱ ስምና የባች ቁጥር ከሌሎቹ ጥያቄዎች ቀድሞ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲላክልኝ፣ ለቀሪዎቹም በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጠኝ እጠብቃለሁ። ይህ ካልሆነ ጉዳዩን የጤና ባለሙያዎችንና ተቋማትን ለሚቆጣጠረው አካል የማቀርብ መሆኑን በአክብሮት አስታውቃለሁ።

በየሳምንቱ የተነሡ ፎቶግራፎች፣ የስምምነት ፎርሙ ቅጂና የሐኪሙ ማስታወሻ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል፤ የካርድ ቁጥሬም በፎርሙ ላይ ይገኛል።

ከሰላምታ ጋር
አመልካች