የትኛው ይሻላል ላልከኝ

ውድ ልጄ፣

ባለፈው እሑድ ደውለህ «አባዬ፣ ከሠርጉ በኋላ ሁለት ሦስት ዓመት ሳንወልድ መቆየት እንፈልጋለን። ከወሊድ መከላከያዎቹ የትኛው ይሻላል? ንገረኝና እኔ እነግራታለሁ» አልከኝ። መጠየቅህ ደስ አሰኝቶኛል። በእኛ ጊዜ አንድ ወጣት አባቱን እንዲህ ያለ ነገር ሊጠይቅ ቀርቶ በፊቱ ማንሳትም ነውር ነበር። «እኔ እነግራታለሁ» ያልካት ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለች፣ በስልክ የማይዘለቀውን ጉዳይ ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ወሰንኩ።

ሰኞ ጠዋት የመድኃኒት ቤቱን በር ስከፍት ቀድሞ የሚገባው ብዙ ጊዜ ወጣት ወንድ ነው። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሐኪም ወረቀት ይዘው ከሚመጡት አስታማሚዎች ፈንጠር ብሎ ይቆማል። የጥርስ ሳሙና ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ የራስ ምታት ክኒን ዋጋ ይጠይቃል። ሌሎቹ ሲወጡ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ «ፖስት ፒል አለ?» ይለኛል። «ግንኙነቱ መቼ ነበር?» ስለው ይደነግጣል። የምጠይቀው ልታዘበው አይደለም። ይህ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ከግንኙነቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል። ብዙዎቹ ፅንስ የሚያስወርድ ይመስላቸዋል። አይደለም። እንቁላሉ እንዳይወጣ ያዘገያል እንጂ የተረገዘውን አይነካም። የሚያሳዝነኝ በየሳምንቱ የሚመላለሱት ናቸው። ድንገተኛ መከላከያን የዘወትር ማድረግ ለአስተማማኝነቱም፣ ለልጅቷ የወር አበባም ጥሩ አይደለም። ደግሞ ክኒኑን የምትውጠውን ልጅ እኔ አንድም ቀን አይቻት አላውቅም። ምን ይሰማታል፣ ሌላ መድኃኒት ትወስዳለች ወይ፣ ማንን ልጠይቅ?

በመሳቢያዬ ውስጥ ደግሞ ዳርና ዳሩ የተላላጠ የአንዲት ሴት የቀጠሮ ካርድ አለ። ማን እንደሆነች አልነግርህም። በየሦስት ወሩ መጥታ ትወስደዋለች፣ ጤና ጣቢያ ሄዳ መርፌዋን ትወጋለች፣ አዲሱን ቀን አስጽፋ መልሳ ለእኔ ትሰጠኛለች። ቤቷ ብታስቀምጠው ባሏ ያገኘዋል። ሰውየው ክፉ ላይሆን ይችላል። ግን ሚስቱ ከእሱ ተደብቃ ስትወጋ፣ ራሷን ሲያማት ወይም ደም ሲበዛባት የምታማክረው ሰው ቤቷ ውስጥ የላትም። አንተ እንደዚያ ያለ ባል እንድትሆን አልፈልግም። መርጦ የሚነግራት ባል እንድትሆንም አልፈልግም። ሰውነቱ የእሷ ነው፤ ምርጫውም የእሷ ነው። ማወቁና ማሰቡ ግን የሁለታችሁም ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ።

በአገራችን ባለትዳር ሴቶች ከሁሉም አብልጠው የሚመርጡት መርፌውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ባለትዳር ሴቶች 35ቱ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ 23ቱ መርፌ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ የነበሩት ከ100 ስድስት ብቻ ስለነበሩ ለውጡ ትልቅ ነው። ዲፖ ፕሮቬራ የሚባለው ይህ መርፌ በየሦስት ወሩ ይወሰዳል፤ ቤት ውስጥ የሚታይ ነገር የለውም። የተወደደበት አንዱ ምክንያት ይኸው አለመታየቱ ይመስለኛል። ለእናንተ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። መርፌው ከቆመ በኋላ ማርገዝ ከሌሎቹ ዘዴዎች ይልቅ በአማካይ አራት ወር ገደማ ይዘገያል። መካን አያደርግም፤ ያዘገያል። «ካቆምን በማግሥቱ» ብላችሁ ካቀዳችሁ ግን በማይረባ ጭንቀት ትጠመዳላችሁ። የወር አበባ ሊዛባ ወይም ጭራሽ ሊቀር ይችላል፤ አንዳንዷም ክብደት ትጨምራለች።

ሁለት ሦስት ዓመት ለሚቆዩ ጥንዶች እኔ ቀድሜ የማነሳው በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ነው። ኢምፕላኖን አንድ ዘንግ ሲሆን ሦስት ዓመት ይሠራል፤ ጃዴል ሁለት ዘንግ ሲሆን አምስት ዓመት። ዘንጉ ክብሪት እንጨት ያክላል። ቦታው በመርፌ ይደነዝዝና የሠለጠነ ባለሙያ በጥቂት ደቂቃ ያስገባዋል። በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል፤ ከቦታው ተነስቶ ልብ ድረስ ይሄዳል የሚባለውን አትስማ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሆርሞን እየለቀቀ እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል፣ የማህፀን በር ፈሳሹንም ያወፍራል። ከ100 ሴቶች በዓመት አንዷ እንኳ አታረግዝበትም። ሲወጣ የማርገዝ አቅም ወዲያው ይመለሳል። ችግሩ የደም ነገር ነው። ጠብ ጠብ የሚል፣ ቀኑ የማይታወቅ ደም ያስቸግራል፤ ብዙዎቹ ጊዜው ሳይደርስ የሚያስወጡትም በዚህ ነው። ይህን አስቀድማ ካወቀች ትታገሠዋለች፤ ሳታውቅ ከመጣባት ትፈራለች። እንዲወጣላት ከፈለገችም ምክንያት ሳትጠየቅ ሊወጣላት ይገባል።

ሉፑ ሆርሞን የለውም። መዳብ የተጠመጠመበት ትንሽ ነገር ማህፀን ውስጥ ይቀመጣል፤ እስከ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይሠራል፤ በአስተማማኝነቱም ከሚቀበረው አይተናነስም። ያልወለደች ሴት አትጠቀመውም የሚባለው ስሕተት ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት የወር አበባው ይበዛል፣ ቁርጠቱም ይጠነክራል። የደም ማነስ ያለባት ሴት ሌላ ብታይ ይሻላታል። ሆርሞን የማይስማማት ሴት ግን በዚህ ስትገላገል አይቻለሁ።

እንክብሉ የእኔ መደርደሪያ ላይ ያለ ነው፤ ስለምሸጠው አላስወድድልህም። በትክክል ለወሰደችው እጅግ አስተማማኝ ነው። ነገር ግን ሰው ይረሳል። እንደ ሰው አኗኗር ከታየ በዓመት ከ100 ሴቶች ሰባቱ ያረግዙበታል፤ በመርፌው ግን አራት ናቸው። የወር አበባን ያስተካክላል፣ ቁርጠት ይቀንሳል፣ ሲቆም ወዲያው ማርገዝ ይቻላል። የደም ግፊት ላለባት፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና ለምታጨስ፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ እያለ ከባድ ራስ ምታት ለሚነሳባት ሴት ሁለት ሆርሞን ያለው እንክብል አይሆንም። ባንኮኒ ላይ ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ሌላም አለ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን የእንክብሉንም የሚቀበረውንም ኃይል ያዳክማሉ። እነዚህን የምትወስድ ሴት መርፌውን ወይም ሉፑን ብታስብ ይሻላል። ይህን የሚጠይቅ ደንበኛ ግን ከስንት አንዴ ነው።

በአንተ በኩል ያለው ኮንዶም ነው። ብቻውን ለእርግዝና መከላከያ ሲያገለግል በዓመት ከ100 ሴቶች 13 ገደማ ያረግዛሉ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአጠቃቀም ነው። ከኤችአይቪና ከሌሎች የአባላዘር በሽታዎች የሚከላከለው ግን ከሁሉም እሱ ብቻ ነው። ቦርሳህ ውስጥ ሙቀት ሲበላው የከረመ ኮንዶም አትጠቀም፤ ቫዝሊንም አታስነካው፣ ይቀደዳል። ከሠርጉ በፊት ሁለታችሁም ተመርመሩ።

ቀን መቁጠሩ የወር አበባዋ ከ26 እስከ 32 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ለሚመላለስ ሴት ነው፤ ከ8ኛው እስከ 19ኛው ቀን መታቀብ ይጠይቃል። ለአዲስ ተጋቢዎች አልመክረውም። በሰዓቱ እወጣለሁ የሚለውን ደግሞ ጨርሶ አትመን።

እግረ መንገዴን፣ ዛሬ የማይመለከትህን አንድ ነገር ልጨምር። የምትፈልጉትን ያህል ልጆች ከወለዳችሁ በኋላ፣ ወንዱ የዘር መተላለፊያ ቱቦውን በቀላል ቀዶ ጥገና ማስቋጠር ይችላል። ከሴቷ ቀዶ ጥገና ይቀልላል፣ ሰውየው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል፣ ወንድነቱንም ፍላጎቱንም አይነካበትም። ሥራውን የሚጀምረው ከሦስት ወር በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል። በአገራችን የሚያደርገው ወንድ ከቁጥር አይገባም። ሴቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ሲወጉና ሲውጡ ኖረው ወንዱ አንድ ቀን እንኳ ይህን አለማሰቡ ልክ አይመስለኝም።

ስትወልዱም ቶሎ መደራረብ አያስፈልግም። ከወሊድ በኋላ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ 24 ወር መቆየት ለእናቲቱም ለሕፃኑም ይመከራል። ጡት ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ያለ ጡት ሌላ ሳይቀምስ፣ የወር አበባዋም ሳይመለስ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መተማመኛው አበቃ።

አሁን ስለ ዘመድ። ዓመት ሳይሞላ፣ በፋሲካ ወይም በእንቁጣጣሽ፣ አክስቶችህ ሙሽሪትን ከበው «ምነው እስካሁን?» ይሏታል። አንዷ ሆዷን ታያለች፣ አንዷ ጠበል ትመክራለች። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚልም አይጠፋም። ልጅ በዕድሉ ብቻ አያድግም፤ በእናቱ ጤናና በአባቱ ኪስም ነው። የቤት ኪራይ በዚህ ከተማ ምን ያህል እንደሆነ አንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለህ። ያን ጊዜ አንተ ቀድመህ «ተመካክረን ነው ያቆየነው» በል። እሷ ዝም ብላ እንድትሸማቀቅ አትተዋት። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መከላከያን ማስተዋወቅ ይከለክል ነበር፤ ሕጉ ከተሻረ ቆየ፣ ሐፍረቱ ግን አሁንም በየቤቱ አለ።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ አብረሃት ሂድ። አገልግሎቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበርም ከእ.ኤ.አ. 1966 ጀምሮ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ነርሷ ብቻዋን ልታነጋግራት ከፈለገች ሳታኮርፍ ወጥተህ ጠብቅ። የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን፣ የምትወስደውን መድኃኒት፣ በቤተሰቧ የደም መርጋት ያለበት ሰው እንዳለ አስቀድማ ታስብ፤ የደም ግፊቷንም ትለካ። ሠርጉ ጥር ላይ ስለሆነ በታኅሣሥ መጀመሪያ ሂዱ፤ የመረጠችው ካልተስማማት ለመለወጥ ጊዜ ይኖራችኋል። ከእኔ ጋር ማውራት ብታፍር አይገርመኝም። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አብራኝ የምትሠራው ፋርማሲስት ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትገኛለች፤ ንገራትና ከፈለገች ትምጣ።

አባትህ