ለእማዬ፤ ስለ ባቡሩ ቁርስ ቤት

ይድረስ ለውድ እናቴ፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበትሽን አልነካሽም ወይ? እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

መንገድ ዳር ያለችውን ጠባብ ክፍል የባቡር መልክ ሰጥተሽ ቁርስ ቤት ልታደርጊያት ማሰብሽ ጥሩ ነው። ሥዕሉ ግን መጨረሻ ይሁን። አሜሪካኖች ዳይነር የሚሉት ቁርስ ቤት ከባቡር ምግብ ፉርጎ የወሰደው ጥበቱን ነው፤ ረጅም ባንኮኒ፣ ከኋላው ምድጃ፣ አብሳይዋ ዞር ስትል ሁሉም እጇ ላይ። የፉርጎ ወርድ ወደ 3 ሜትር ነው፣ ያንቺም ክፍል ያው። ለምድጃው 60 ሳንቲ ሜትር፣ ለአብሳይዋ መቆሚያ 90፣ ለባንኮኒው 45፣ የቀረው 105 ለወንበርና ለመተላለፊያ። ባንኮኒው 105 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ወንበሩ 75 ይሁን። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች እዚያ ላይ አይወጡምና ጫፉ ላይ ዝቅ ያለ አግዳሚ አኑሪላቸው።

ከሰል ውስጥ እንዳይገባ፣ አደራ። ሰው ብርዱን ፈርቶ መስኮት ይዘጋል፤ ገዳዩ የከሰል ጋዝ ደግሞ ሽታ የለውም። ምድጃው የኤሌክትሪክ ይሁን፤ በሁለቱም ጫፍ ከጣሪያ ሥር የማይዘጋ ቀዳዳ ይተው።

ፉል፣ ቂንጬና ጨጨብሳ ይበቃሉ። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ ገና ወደ 90 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ባቄላው አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ማታ ተዘፍዝፎ ይደር፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በፕሬዠር ይጣድ። ቲማቲምና ሎሚ የሚገቡት ከለሰለሰ በኋላ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር ከቀደመ ባቄላው እንደደረቀ ይቀራል። ለ1 ኩባያ ቂንጬ 2 ኩባያ ተኩል ውሃ፣ ውሃው ሲፈላ ይጨመር፤ ካበዙት ማማሰል ገንፎ ይሆናል። የጨጨብሳው ቂጣ በትኩሱ ይቆራረስ፤ ከቀዘቀዘ ቅቤውን አይጠጣም። በርበሬው በዝግታ እሳት ይሁን፣ ካረረ ይመራል።

ረቡዕና ዓርብ በዘይት ነው፤ የጾሙ መጥበሻና ማንኪያ ለብቻ ይቀመጥ። ብዙ ሰው በጠዋት ስለማይቀምስ የዘወትሩን ግማሽ ብቻ አዘጋጂ።

ከሐዲድ ሥር የሚነጠፈውን አሮጌ እንጨት ጠረጴዛ እናድርገው የሚልሽ ካለ እንዳትሰሚው። እንዳይበሰብስ ብዙውን ጊዜ ክሪዮሶት የሚባል መርዛማ ዘይት የጠጣ ነው፤ ምግብ አጠገብ አይሆንም። ግድግዳው ላይ ታሪክ ካስጻፍሽ ልኩ ይጻፍ፤ የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ነው። የድሮው ሐዲድ ወርድ 1 ሜትር ነበር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን ባቡር ገብቶባት ስለማያውቅ «ደብረ ብርሃን ጣቢያ» ብትይው ሰው ቢስቅ እንጂ አይሳሳትም። የባቡር ጡሩምባ ድምፅ ግን ይቅር፤ ከቅዳሴ ለሚመጣ ሰው አይመችም።

የበሩን ወርድ ለክተሽ በስልክ ንገሪኝ። ባንኮኒው የማያልፍበት ከሆነ በሁለት ቁራጭ አስበይደዋለሁ።

ልጅሽ